የቬስትቦ ሰዎች አፍንጫ

መምህር ሃርላን ክቫም በሰባ አንድ ዓመቱ፣ አንድ ዓርብ ጠዋት፣ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወጥ ቤት ውስጥ፣ በቂጣ መዳመጫ ማጅራቱን ተመትቶ ሞቶ ሲገኝ፣ የቬስትቦ ሰው አስቀድሞ የጠየቀው «ማን ገደለው?» ብሎ አይደለም። «የዛሬው የዓሣ እራት ቀረ ማለት ነው?» ብሎ ነው። ሁለተኛው ጥያቄም ስለ ገዳዩ አልነበረም። «ደብተሩስ የት ገባ?» የሚል ነበር። በዚህች ከተማ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁና አልገረመኝም።

ቬስትቦ ወንዝ ዳር ናት። ወንዙ ሠላሳ እርምጃ አይሞላም፤ ድልድዩም አንድ ነው። ወዲህ ማዶ ያለው የሚኒሶታ መንግሥት በዚያ የኮሮና ዓመት «ጭምብል አድርጉ፣ አትሰብሰቡ» ብሎ አዝዟል። ወዲያ ማዶ ያለው የዳኮታ መንግሥት «እንደየፈቃዳችሁ» ብሏል። ስለዚህ የእኛ ከተማ ሰው አምስት ቀን ወዲህ ሆኖ ስለ ሕግ ይጨቃጨቃል፣ ቅዳሜ ድልድዩን ተሻግሮ ይጠጣል፣ ይጨፍራል፣ ይድራል፣ እሑድ ተመልሶ ያስላል። በሽታው ድልድዩ ላይ መታወቂያ የሚጠየቅ ይመስለዋል መሰለኝ።

ሃርላን ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ በየቅዳሜው ድልድዩ አፍ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግቶ የሚሻገረውን መኪና ታርጋ በደብተር ይጽፋል፤ ሰኞ ሰኞ ለመንግሥት የጥቆማ መስመር ደውሎ ያነብላቸዋል። ግማሹን ከተማ ያስተማረ ስለሆነ ታርጋው ላይ ስም ይጨምርበታል፤ ከተናደደ ደግሞ የሰውየውን የስድስተኛ ክፍል ውጤት። የሚወደው አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሳየው መንገድ እቀይር ነበር።

የካውንቲው መርማሪ ጁን ኤልስታድ ጥሪው የደረሳት በአረጋውያን መጦሪያው ግቢ፣ እናቷ መስኮት ሥር፣ በኅዳር ብርድ እግሯን እያፈራረቀች ቆማ ሳለ ነው። ጁን ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀጭን ናት፣ ነገር አያመልጣትም፣ ሰው ሲዋሽባት አታቋርጥም። እናቷ ቦርግሂልድ ሰማንያ ስድስት ሞልቷታል። ስምንት ወር ሙሉ ጁን የእናቷን እጅ ይዛ አታውቅም፤ ደንቡ አይፈቅድም። መስታወት መሐል አድርገው በስልክ ያወራሉ። በየሳምንቱ ሦስት ብርቱካን በበሩ ታስገባላታለች፤ አሮጊቷም አንዱን ልጣ ልጣጩን አፍንጫዋ ላይ ትይዛለች። ጁን የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በሽታው እዚያ ቤት እንዳይገባ። ለዚያ ሲባል ሌላ ስምንት ወርም ብርድ ላይ ትቆም ነበር።

«እሰይ! የገና በዓል የገና በዓል ይሸታል» አለች ቦርግሂልድ ልጣጩን እያሸተተች።

«ምግቡስ እንዴት ነው እማዬ?»

«ተይኝ እስቲ! ትናንት ገንፎው አርሮ ክፍሉን ሁሉ ሽታው ሞላው። ሠራተኛ ጠፋ ተብሎ ሰሞኑን የምታበላን አለቃይቱ ማርዲስ ራሷ ናት። ‹አሯል እኮ› ብላት ማስኳን ዝቅ አድርጋ ቀመሰችና ‹ምን ሆነ? ጥሩ ነው› አትለኝም? ጃጅተሻል ማለቷ ነው።»

«ቀመሰችው?»

«ከእኔው ማንኪያ!»

ጁን ልትስቅ ስትል ሌላው ስልኳ ጮኸ። ሸሪፍ ዴል ኦፕሳል ነበር። «ሃርላን ተገድሏል። ገዳዩንም ይዤዋለሁ። አንቺ መጥተሽ ፈርሚበት ብቻ» አላት።

ሸሪፉ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ጭምብሉን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ ጠበቃት። በበጋ «የማስክ ሕግ አላስከብርም» ብሎ በጋዜጣ የተናገረ የሕግ አስከባሪ ነው፤ በዚያም ንግግር በከፍተኛ ድምፅ ተመርጧል። ሽታው ግን ከእሱ ቀድሞ ተቀበላት። የእኛ ከተማ ሰዎች፣ ዘራቸው ከኖርዌይ ነውና፣ በየኅዳሩ ደርቆ በአመድ ውሃ የተዘፈዘፈ ዓሣ ቀቅለው በቅቤ ይበላሉ። ደህና ሲበስል እንኳ ጎረቤት ያስነሳል። ሲያር ምን እንደሚሆን የእናንተ አፍንጫ አይየው።

ሃርላን ምድጃው አጠገብ በጀርባው ተጋድሟል። መዳመጫው በማጽጃ ተወልውሎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። አፉ ውስጥ ሰማያዊ ጭምብል ተወትፏል።

«ገዳዩ ዱዌይን ስካር ነው» አለ ሸሪፉ። «መስከረም ላይ ገበያ መሐል፣ አርባ ሰው እየሰማ፣ ‹አንድ ቀን ያንን ማስክ አፍህ ውስጥ ነው የምወትፈው› ብሎታል። ዛሬ ሦስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ከዚህ እየበረረ ሲወጣ ታይቷል። የምድጃው ማጥፊያ ላይም አሻራው አለ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ምድጃውን ለምን ያጠፋል?»

«እኔ ምን አውቄ! ጨዋ ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ይሆናላ።»

ጁን በወረንጦ ጭምብሉን አወጣችው። ተጨማዶ አልነበረም። ውስጡ ወደ ውስጥ ለሁለት ታጥፏል፣ እንደገና ለሁለት ታጥፏል፣ ከዚያ በራሱ የጆሮ ማሰሪያ ሁለት ዙር ተጠምጥሟል። ረጅም ጊዜ አየችውና ከረጢት ውስጥ ከተተችው። የሃርላን ደብተር ኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ከመጋቢት እስከ ኅዳር ያለው ቅዳሜ ሁሉ አለ፤ ያለፈው ቅዳሜ ብቻ ተገንጥሏል። ድስቱ ክዳኑን እንደደፋ ውስጡ ከሰል ሆኗል። የጭስ መሳቢያው አሁንም እየተንጫረረ ነው። ጭሱን ወደ ውጭ ስቦታል፤ ሽታውን ግን ማን ይስበዋል!

ሬሳውን ያገኘችው የቤተ ክርስቲያኑ ወጥ ሠሪ ቬርና ሊየን ናት። ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፤ ጭምብሏ ከአፍንጫዋ በታች ነው።

«እትዬ ቬርና፣ ስንት ሰዓት ደረስሽ?»

«ሦስት ከአሥር። የዱዌይን ፒካፕ ሊገጨኝ ነበር። ሽታው ደግሞ ከፖስታ ቤቱ ጀምሮ ነው የተቀበለኝ። ሃርላን በየዓመቱ ከሁላችን ቀድሞ አንዲት ቁራጭ ቀቅሎ ይቀምሳል፤ አርባ ዓመት አንድ ቀን አላሳረረም። ያኔ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው።»

«ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«አራት አሮጊት ካርታ ብንጫወት ‹ሕገ ወጥ ስብሰባ› ብሎ አስከሰሰን! ግን የማርዲስ ልጅ ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ነበርኩ፣ ጠይቂያቸው።»

«ማስኩ እኮ አፍንጫንም ይሸፍናል።»

«ልተንፍስበት እንጂ! አፌን ሸፍኛለሁ፤ ግማሹን ሕግ አከብራለሁ። ከስንቱ እሻላለሁ።»

«ለምርመራ እፈልገዋለሁ። አዲስ እሰጥሻለሁ።»

ቬርና ጭምብሏን ነጭታ፣ አፍንጫዋን ጠርጋበት፣ እንደ መሐረብ ጨምድዳ ሰጠቻት። ጁን አመሰገነች።

ፓስተር ክሌይተን ሪንዳል ፎቅ ላይ ከካሜራው ጋር ነበሩ። የእሳቸው ጭምብል ባንድ ጆሮ ይንጠለጠላል። የሚመጣው ሰው የትኛው ወገን እንደሆነ አይተው ወይ ያጠልቁታል፣ ወይ ያወርዱታል። ስምንት ወር ሙሉ ማንንም ሳያስቀይሙ የኖሩት በዚህ ጥበብ ነው። ጁንን ሲያዩ አጠለቁት።

«ከሁለት እስከ ሦስት ስብከት እቀርጽ ነበር» አሉ። «‹ባልንጀራህን ውደድ› በሚለው ላይ።»

«ምንም አልሰሙም?»

«የጭስ መሳቢያው ይጮኻል። ሽታውማ… አዎ፣ መጣ።»

«ወርደው አላዩም?»

ፓስተሩ ጣሪያውን አዩ። «በሩን ዘጋሁት» አሉ።

ቪዲዮውን አየችው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ደቂቃ ይላል። ፓስተሩ «ጎረቤትህ ሲወድቅ አታልፈው» ካሉ በኋላ ፊታቸው ተኮማተረ፣ በመጽሐፉ አፍንጫቸውን ሸፈኑ፣ ሄደው በሩን ዘጉ፣ ተመልሰው «አታልፈው» አሉ። ጁን ደቂቃዋን ጻፈች። የእሳቸውን ጭምብል ስትጠይቃቸው በሁለት ጣት ይዘው ኪሳቸው ውስጥ ሊከቱት ሲሉ ተቀበለቻቸው።

ማርዲስ ብራንድቮልድ ራሷ ናት ወደ ጁን የመጣችው። የአረጋውያን መጦሪያው ኃላፊና የቤተ ክርስቲያኑ የጥንቃቄ ኮሚቴ ሊቀመንበር ናት። ሁለት ጭምብል ደርባ፣ በላዩ የፕላስቲክ መከለያ አድርጋ፣ እንደ ብየዳ ሠራተኛ ሆና ነው የምትሄደው። መስከረም ላይ መላውን ምዕመን ሰብስባ ጭምብል እንዴት እንደሚደረግና እንደሚወልቅ ሁለት ሰዓት አስተምራለች። ግማሹ ተኝቷል።

«ሁለት ተኩል ላይ ሳኒታይዘርና ማስክ ላደርስ መጣሁ» አለች። «ለሦስት ሩብ ጉዳይ ወጣሁ፤ የባንኩን ሰዓት አይቻለሁ። ጋሽ ሃርላን ደህና ነበር፣ የኔ እህት። ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ። ‹ቅመሺልኝ› አለኝ፤ ማስኬን አላወልቅም አልኩት። ሽታው ብቻ ያጠግብ ነበር፤ ልክ እንደ እናቴ ቤት። አሥራ አምስት ደቂቃ ብቆይ ኖሮ ያ አውሬ አይነካውም ነበር!»

ጁን አላቋረጠቻትም። «የልጅሽ ሠርግ እንዴት ነበር? ያለፈው ቅዳሜ አልነበር?»

«እዚያው ማዶ፣ ስምንት ሰው ሆነው። እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ በስክሪን ነው ያየሁት። አንድ ልጄ ናት፤ ግን ደንብ ደንብ ነው።» እንባዋን ከመከለያው ሥር ጠረገች። «ስለ እናትሽ አታስቢ። ራሴ ነኝ የማበላት። እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቃት።»

«አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። ማስክሽን ለምርመራ ልውሰድ?»

ማርዲስ የላይኛውን ጭምብል በማሰሪያው ይዛ አወለቀች። ፊቷ ጁን ላይ ነው፤ እጇ የራሱን ሥራ ይሠራል። ለሁለት አጠፈችው፣ ደግማ ለሁለት አጠፈችው፣ በማሰሪያው ሁለት ዙር ጠመጠመችው።

ዱዌይን ስካር በሸሪፉ መኪና ውስጥ እጁ ታስሮ ተቀምጧል። የመጠጥ ቤት ባለቤት ነው። ስሙን አባቱ አወረሰው እንጂ እኔ አላወጣሁለትም። ጭምብል አድርጎ አያውቅም፤ ጁን አንድ ስትሰጠው እንደ ሞተ አይጥ ባንድ ማሰሪያ አንጠለጠለው።

«እትዬ ጁን፣ በልጆቼ እምልልሻለሁ አልገደልኩትም! ልሰድበው ነው የመጣሁት። በሱ ጥቆማ ቤቴን አምስት ቀን አሸጉብኝ እኮ! በር ላይ ስደርስ ሽታው… ቤቱ ሊነድ ነው ብዬ ሮጬ ምድጃውን አጠፋሁ። ዞር ስል ጋሼ ወድቋል።»

«ለምን ሸሸህ?»

«ማን ያምነኛል? እዚህ ከተማ ማስክ የማያደርግ ሰው ውሻ ነው!»

«ማስክ የሚያደርገውስ ማን አለና! በየቅዳሜው ትሻገራለህ?»

«ቅዳሜ ብቻ? ሐሙስም አለ!» አለ ዱዌይን፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እንኳ እየኮራ።

ሸሪፉ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሊወስደው ነው። አንዴ ወህኒ ከገባ የሚያወጣው አልነበረም። ዳኛውም፣ ጋዜጣውም፣ ጠበቃውም ጭምብል አድራጊ ሆነው የሚኮሩ፣ የሚሰቀል አንድ የማያደርግ ሰው ሲፈልጉ የከረሙ ናቸው። ጁን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ የቪዲዮውን ሰዓት አየች፤ የማርዲስን ቃል አነበበች። ከዚያ «ከእኔው ማንኪያ!» ያለችው የእናቷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣ። ስልክ አንስታ ለካውንቲው ሐኪም ደወለች። «አሁኑኑ መጦሪያው ሂድና ሁሉንም መርምር። ሽማግሌ፣ ሠራተኛ፣ ሁሉንም» አለችው። ቀጥላ ለሸሪፉ ደወለች።

«አሥር ሰዓት ላይ ሰዎቹን ቤተ ክርስቲያን ሰብስብልኝ።»

«ምን ብዬ?»

«የዓሣው እራት ጉዳይ ሊነገር ነው በላቸው። ካልመጡ ምን አለች በለኝ።»

ሁሉም መጡ። የዱዌይን እጅ እንደታሰረ ነው። ጁን አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ሁለት ሁለት የአዋቂ እርምጃ አራርቃ የየሰዉን ስም በወረቀት ጽፋ ለጥፋለች። ቬርና ከመግባቷ መሐረብ አወጣች። ፓስተሩ በጭምብላቸው ላይ እጃቸውን ጨመሩ። ሸሪፉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ዓመት ጭምብሉን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ሳበ። የዱዌይን ዓይን እንባ አቀረረ። ማርዲስ ስሟ የተጻፈበት ቦታ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ቀሚሷን አስተካከለች።

«እራቱ ይካሄዳል?» አለች ቬርና በመሐረቧ ውስጥ።

«ይደርሳል» አለች ጁን። «መጀመሪያ ስለ ደብተሩ። ገዳዩ የገነጠለው ያለፈውን ቅዳሜ ነው። ዴል፣ ዱዌይን በደብተሩ ውስጥ ስንት ጊዜ ተጽፏል?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ የተጻፈ ሰው አንዷን ገንጥሎ ምን ሊጠቀም? ቅጠሏ የምትጎዳው አንድ ቀን ብቻ የተሻገረን ሰው ነው።»

«እኔ የተሻገርኩት ለጸሎት ነው…» አሉ ፓስተሩ።

«እርስዎን ማን ጠየቀዎት፣ ፓስተር? እርስዎ አሥራ ሁለት ጊዜ ተጽፈዋል።»

 ዱዌይን ሳቀ፤ ሸሪፉ ገላመጠው።

«አፉ ውስጥ የተወተፈውን ማስክ ደግሞ እዩት» አለች ጁን ከረጢቱን እያነሳች። «ገዳዩ የዱዌይንን ዛቻ ያውቃል፤ ወንጀሉን እሱ ላይ ሊለጥፍ ፈልጓል። ጥሩ ነበር። ግን ዱዌይን ቢሆን እንደ ካልሲ ጠቅልሎ ይወትፈው ነበር። ይሄ ታጥፏል፣ ታጥፏል፣ ተጠምጥሟል። ያገለገለ ማስክ ሲጣል እንደሚደረገው። ጠዋት ማስካችሁን የወሰድኩት ለላብራቶሪ አይደለም፤ እጃችሁን ለማየት ነው። ቬርና ጨመደደችው። ፓስተር ኪሳቸው ሊከቱት ነበር። ያጠፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል። ሰው ተገድሎ እንኳ የቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ተከብሯል።»

ዓይን ሁሉ ወደ ማርዲስ ዞረ።

«እኔ ለመላው ከተማ ነው ያስተማርኩት!» አለች ማርዲስ። «ማንም ሊያጥፈው ይችላል!»

«ከዚህ ከተማ ያንቺን ትምህርት የያዘ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ እዚህ ባልደረስን ነበር። ማርዲስ፣ ጠዋት ሁለት ተኩል ላይ ገባሁ፣ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ወጣሁ፣ ዓሣው ሽታው ያጠግብ ነበር አልሽኝ።»

«ያጠግብ ነበር።»

«ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ላይ ፓስተር ፎቅ ላይ ሆነው ሽታውን መቋቋም አቅቷቸው በር ዘጉ። ካሜራው መዝግቦታል። ያኔ ድስቱ ውስጥ የነበረው ከሰል ነው። አርባ ዓመት ዓሣ ያላሳረረ ሰው እያማሰለ አያሳርርም። አንቺ ቆሞ ያማስላል ባልሽበት ሰዓት ሃርላን ወለል ላይ ነበር። የመጣሽው ካልሽው ቀድመሽ ነው። ገድለሽው፣ ደብተሩን ስታገላብጪ፣ መዳመጫውን ስትወለውዪ ድስቱ አጠገብሽ አርሯል። ጭሱን መሳቢያው ወሰደው። ሽታው ግን አልሸተተሽም።»

«ቅዠት ነው! አፍንጫዬ ጤነኛ ነው።»

«እሺ። አሁን ምን ይሸትሻል?»

ማርዲስ ዙሪያዋን አየች። መሐረቡን፣ የታፈነውን አፍንጫ፣ የዱዌይንን እንባ አየች። የሚሸት ነገር እንዳለ ያወቀችው ከሰው ፊት ነው። የቤተ ክርስቲያኑን ወለል ተመለከተች።

«የወለል ሰም» አለች።

ጁን ጎንበስ ብላ ከማርዲስ ወንበር ሥር በጨርቅ የተሸፈነውን ድስት ሳበችና ክዳኑን አነሳች። ቬርና እያስመለሳት ወደ ውጭ ሮጠች። ማርዲስ የከሰለውን ዓሣ ከላይ ሆና አየችው፤ ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም።

«ሽታሽ የጠፋው በሽታው ስለያዘሽ ነው» አለች ጁን። «በሽታው የያዘሽ ሠርጉ ላይ ነው። በስክሪን አላየሽውም። ስንት ሰው ነበር?»

ማርዲስ መከለያውን አወለቀች። ከዚያ የቀረውን ጭምብል አወለቀች፣ አጠፈችው፣ እጇን አይታ መሐል ላይ ተወችው።

«ሦስት መቶ» አለች። «ስምንት ወር ሙሉ እናንተን እንደ ሕፃን ጠበቅሁ! እናንተ ትስቁብኛላችሁ፣ እኔ እጠብቃለሁ። አንድ ልጅ ነው ያለኝ! አንድ ቀን! ይሄ ሁሉ መንጋ በየሳምንቱ ሲሻገር ምን ሆነ?»

«ሃርላን ምን አለሽ?»

«‹ያለፈው ሰኞ ያንቺን ሳላነብ ዘለልኩት፤ የሚመጣው ሰኞ ከመደወሌ በፊት ራስሽ ተናገሪ፤ ተመርመሪና ቤትሽ ቀሪ› አለኝ። በዚያ በክፍል ድምፁ፣ የቤት ሥራ እንደረሳ ተማሪ! በፀደይ ሠራተኛዬን ሠርግ ሄደሽ ብዬ ያባረርኩ ሴት ነኝ። ምን ብዬ ልናገር?»

«የሠራተኛ ምርመራ በየሳምንቱ ነው። ያንቺስ?»

«የራሴን ራሴ ነኝ የምፈርመው።»

ጁን ሌላ የምትጠይቀው ነገር ነበራት። «ከሠርጉ ወዲህ ስንት ቀን መጦሪያው ገባሽ?» አለች በመጨረሻ።

«በየቀኑ» አለች ማርዲስ። «ሠራተኛ የለማ! ማን ያብላቸው?»

ሸሪፉ ከዱዌይን እጅ ፈትቶ ማርዲስን አሰራት። ዱዌይን ይቅርታ የሚለው ሰው ጠበቀ፤ ማንም አላለውም። ተነስቶ በቀጥታ ድልድዩን ተሻገረ። እራቱም አልቀረም፤ ማታውን በመኪና መስኮት ተሸጦ አለቀ። ወረፋው ላይ «ምስኪን ማርዲስ፤ እሱም እኮ አበዛው» ሲባል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል ይላሉ። በቬስትቦ ግን ዓይኑም አላለቀሰም፤ ቅቤ ጨምሩልን ነው ያለው።

ረቡዕ ጠዋት ጁን መስኮቱ ሥር ቆመች። የሠላሳ አንዱ አረጋውያን ውጤት ሐሙስ ይመጣል ተብሏል። ግቢው በቢጫ ገመድ ታጥሯል፤ መርማሪ ስለሆነች አሳለፏት። ሦስቱን ብርቱካን ሙሉ የሐኪም ልብስ ያጠለቀ ሰው ተቀብሎ አስገባላት። ቦርግሂልድ በደህና ፊት ተቀምጣ ነበር። ስልኩን አነሳች፣ አዲሷን አብሳይ አማቻት፣ አንዱን ብርቱካን እንደ ልማዷ ቀስ ብላ ላጠችው።

ልጣጩን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። አወረደችው። በእጇ አሽታ እንደገና አደረገችው። ከዚያ ሌላውን ብርቱካን አንስታ በጥፍሯ ቧጠጠችና ለረጅም ጊዜ ሳበችው። ጁን መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

«ጁኒ» አለች አሮጊቷ እየሳቀች፣ «ዛሬስ አታለውሻል፣ ልጄ። ይሄ ብርቱካን ምንም አይሸትም።»

«አዎ እማዬ» አለች ጁን። «አታለውኛል።»